ለጎመን ብለን መርዝ ወደ ቤት አናስገባ

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በደጅ ስንገናኝ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጎመናችንን ክሽክሽ ወረሰው፤ ምን እንርጭበት?» መልሱን ከመስጠቴ በፊት በእኛው ቤት የደረሰውን ባጫውታችሁ ይሻላል።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ነው። ጓሮአችን ከአንድ ክፍል ቤት ብዙም አይሰፋም። ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቂት ቲማቲምና ቃሪያ፣ ከዳር በኩል ደግሞ በቆሎ አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር የጎመኑ ቅጠል እየተጨማደደ፣ ከታች በኩል አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ታየን። ገልበጥ ስናደርገው ክሽክሽ ነው። በሳምንት ውስጥ መደቡን ሁሉ አዳረሰው። ባለቤቴ ተናደደና አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ተቀድቶ የተሸጠለት ነጣ ያለ ፈሳሽ ይዞ መጣ። የመድኃኒቱ ስም አልተጻፈበትም፤ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥም አልተጻፈበትም። ሻጩ «አንድ ጊዜ ብትረጨው ሁለተኛ አይመለስም» ብሎታል። «ነገ እረጨዋለሁ» ብሎ ከማድ ቤቱ በር ኋላ አስቀመጠው።

በማግሥቱ የአራት ዓመቱ ልጃችን ደጅ ሲሯሯጥ ቆይቶ ጠማው። እኔ ቡና እየቆላሁ ነበር። ቀና ስል ሃይላንዱን በሁለት እጁ ይዞ ክዳኑን በጥርሱ ሊከፍት ይታገላል። ለእርሱ ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው፤ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገረውም። መቁያውን ጥዬ ነጠቅሁት። ያዳነን የክዳኑ መጥበቅ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል ጥሩ አልነበረም። እርሱም «ለቤቴ ብዬ ነው» አለ፤ እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ጠርሙሱ ሲቀመጥ አይቼ ዝም ብያለሁ። ቆይተን ሁለታችንም ስንረጋጋ በአንድ ነገር ተስማማን። ለጓሮአችን የምናዘጋጀው ነገር ሁሉ የልጃችንን ሕይወት የማያሰጋ፣ ታጥቦ ሲወርድም ጣናን የማይጎዳ ይሁን። ይህ የማይሆን ከሆነ ጎመኑ ይቅር። ጠርሙሱን ባለቤቴ በማግሥቱ ለግብርና ባለሙያ ወስዶ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ክሽክሽን እንወቀው

ክሽክሽ ገላው ለስላሳ የሆነ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። መርፌ በመሰለ አፉ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። እንስቷ ያለ ወንድ መውለድ ትችላለች፤ ዕንቁላል ሳትጥል ሕያው ልጆች ትወልዳለች፤ እነዚያ ልጆች ደግሞ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። ሰኞ ዕለት ጥቂት ነበር ብላችሁ ትታችሁት በሳምንቱ መደቡ ተሸፍኖ የምታገኙት ለዚህ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ስለሚያጥበው በክረምት ይቀንሳል፤ ደረቁ ወቅት ሲገባ ይበረታል። ቃሪያና ባቄላ ላይ የሚወጡት ዓይነቶች የሚጥሉት ጣፋጭ ፈሳሽ ጉንዳን ይስባል። ስለዚህ ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ዓይንና ጣት ነው። ጥቂት ሲሆን በጣታችሁ ጨፍልቁት፤ ወይም ቅጠሉን ከታች ደግፋችሁ በውሃ እጠቡት። በጣም የተጎዳውን ቅጠል ቆርጣችሁ ለዶሮ ስጡ ወይም ቅበሩት። እዚያው መደቡ ሥር አትጣሉት፤ ክሽክሹ ተመልሶ ይወጣልና።

የሳሙና ውሃ

የልብስ ማጠቢያ ደረቅ ሳሙና ፍቃችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በደንብ አሟሙ። ሲቀዘቅዝ በመርጫ፣ መርጫ ከሌለ ክዳኑ በመርፌ በተበሳ ጠርሙስ ረጩት። ጠርሙሱ ላይ ግን «የሳሙና ውሃ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ከልጆችም አርቁት። ሳሙናው የነፍሳቱን ገላ የሸፈነውን ስስ ሰም መሰል ነገር ያሟሟና ያደርቃቸዋል። የሚሠራው ግን ሲነካቸው ብቻ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ደርቆ ከቀረ ኃይል የለውም። ስለዚህ ዋናው ነገር ክሽክሹ የተደበቀበትን የቅጠሉን ታችኛ ክፍል ማርጠብ ነው። በየአራትና በየአምስት ቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልደገማችሁት የተረፉት እንደገና ይራባሉ።

እኛ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራነውን ስሕተት አትድገሙት። «ይበርታ» ብለን ኦሞ አብዝተን በቀትር ፀሐይ ረጨነው። ክሽክሹ ሞተ፤ ቅጠሉም አብሮ ተቃጠለ። ከመደቡ ሲሶ ያህሉን ነቅለን ጣልን። ስለዚህ ኦሞም በረኪናም አትጨምሩ። የምትረጩት ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን። አስቀድማችሁም ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩትና አንድ ቀን ጠብቁ። ጎመኑን ለወጥ ስትቆርጡት እንደ ልማዳችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት። ለዝንብና ለበረሮ የሚነፋውን ፍሊት ግን በምንም ምክንያት የሚበላ ነገር ላይ አትንፉ።

አመድና የማለዳ እጅ

አመድን ያስታወሱን አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ናቸው። «እታለም፣ እኛ ድሮ አመድ ነስንሰን ነው ጎመን የበላን» አሉኝ። ጤዛ ሳይለቅ የተነፋ የእንጨት አመድ ቅጠሉ ላይ ስስ አድርጎ መነስነስ ነፍሳቱን ያውካል። በችግኙ ዙሪያ መነስነስም በለስላሳ ገላቸው የሚሳቡትን ቀንድ አውጣዎች ያርቃል። ዝናብ ወይም የምናጠጣው ውሃ ሲያጥበው ደግሞ መድገም ነው። ፌስታልና ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ አይሆንም። አመድ ሲበዛም አፈሩን ያበላሻል፤ በእፍኝ እንጂ በአካፋ አይሁን።

ትናንት የተከላችሁት ችግኝ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁት ጥፋተኛው ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይበላል፤ ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። የተቆረጠውን ችግኝ ዙሪያ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ጫር ጫር አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ታገኙታላችሁ። አዲስ ችግኝ ስትተክሉ ግንዱን ጣት በሚያህል የወረቀት ቀለበት ከብባችሁ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት፤ ትሉ ግንዱን ማግኘት አይችልም።

የእጅን ሥራ አንናቅ። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን ሲገባ ገበሬው በቆሎውን ለማትረፍ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በየማሳው ወጥቶ ትሉን በእጅ መልቀም ነበር። ለጥቂት የጓሮ በቆሎማ ከዚህ የተሻለ የለም። የበቆሎው እምብርት ላይ የተበሳ ቅጠልና ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ካያችሁ ትሉን ልቀሙና ግደሉት። ብዙ ገበሬዎች እምብርቱ ውስጥ ቆንጥር አመድ ወይም አሸዋ ይጨምራሉ።

ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ

አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ውቀጡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ጨምሩበት፤ በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት በነጠላ ጨርቅ አጥልሉትና ጥቂት የሳሙና ውሃ ጨምራችሁ ረጩት። ይህ ነፍሳቱን ያሸሻል እንጂ ብዙም አይገድልም። ስለዚህ የሚጠቅመው ገና ሳይበዙ ነው። ነፋስ ባለበት ሰዓት አትርጩ፤ እጃችሁንም ታጥባችሁ ሳትጨርሱ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ልጆችም በአጠገቡ አይሁኑ።

በቆላ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የኒም ፍሬ አስልኩ። የደረቀውን የውስጥ ፍሬ ወቅጣችሁ 50 ግራም ያህሉን በአንድ ሊትር ውሃ አሳድራችሁ ካጠለላችሁት፣ ትሎቹ መብላት እንዲያቆሙና ቆዳቸውን ቀይረው እንዳያድጉ ያደርጋል። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ በማግሥቱ ሬሳ አትፈልጉ። ፀሐይ ስለሚያደክመው ወደ ማታ ይረጫል። ይህም ቢሆን አይጠጣምና ከልጆች አርቁት።

«የተፈጥሮ ነው» ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም

ይህን ክፍል በተለይ በጣና ዳር የምትኖሩ አስተውላችሁ አንብቡልኝ። አንዳንዶቻችሁ ትምባሆ ዘፍዝፋችሁ እንደምትረጩ ነግራችሁኛል። የትምባሆ ውሃ ክሽክሽን ይገድላል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ኒኮቲን በቆዳ ዘልቆ ሰውንም ይመርዛል። ከዚህ በላይ ትምባሆ የቲማቲምና የቃሪያን ቅጠል የሚያዥጎረጉር በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። እባካችሁ ተዉት።

ብርብራን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፍሬው ነፍሳትን የሚገድለው ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ ስላለው ነው። በጣና ገባር ወንዞች ግን የብርብራ ፍሬ እየተወቀጠ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ዓሣ ለማደንዘዝና ለመያዝ ነው። ጎመን ላይ ሲረጭ ዓሣው የማይነካ ይመስለን ይሆናል። ከባሕር ዳር ጓሮ የሚወርደው ውሃ ግን በቦይ በቦይ ብሎ መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው።

እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ታችኛው ክፍል ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ በመሆኑ ግኝቱ ታላቅ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። እንዶድ ግን ለዓሣም መርዝ ነው። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ከቆሮሶው ከአምባዛው የሚበላው ደግሞ የእኛው ልጅ ነው።

ወዳጆቻችሁን አትግደሉ

ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ስታዩ ደስ ይበላችሁ፤ ምግቧ ክሽክሽ ነው። ልጇ እናቷን አትመስልም፤ ጥቃቅን አዞ የመሰለች ጠቆር ያለች ናት። እኛ ሳናውቅ ስንት ገድለናል! እንቁራሪትና እንሽላሊትም ነፍሳትን በመብላት ያግዙናል። በመደባችሁ ዳር ጥቂት ድንብላል ዝሩና ሳትነቅሉት እንዲያብብ ተዉት፤ አበባው እነዚህን ረዳት ነፍሳት ይጠራል። ጎመን በነበረበት መደብ ላይ በተከታዩ ጊዜ ሽንኩርት ወይም ቃሪያ ትከሉ፤ የጎመን ተባይ የለመደውን ምግብ እዚያው እንዳያገኝ ነው።

በመጨረሻ ለባልና ሚስት

ዛሬ በእኛ ቤት ጠዋት ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ባለቤቴና እኔ አሥር ደቂቃ ጓሮ እንቆማለን። እርሱ ቅጠል ይገለብጣል፤ እኔ እለቅማለሁ፤ ልጃችን ጥንዚዛ ይቆጥራል። ክሽክሹ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በየዓመቱ ጥቂት ቅጠል ይወስድብናል። የምንበላው ጎመን ግን አላጣንም።

ቤታችሁ ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ካለ ይህን መጽሔት አስቀምጣችሁ አሁኑኑ ተነሡና የት እንዳለ እዩት። ወደ ውሃ ወይም ወደ ምግብ ዕቃ አይገልበጥ። ከነጽሑፉ፣ በራሱ ዕቃ፣ በተቆለፈበት ይቀመጥ። ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ ባዶ ዕቃውም ውሃ መቅጃ አይሁን። አያድርገውና ልጅ ከጠጣው፣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ዕቃውን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሐኪሙ ምን እንደጠጣ ማወቅ አለበት።

እናንተም በጓሮአችሁ ሞክራችሁ የተሳካላችሁን፣ ያልተሳካላችሁንም ጭምር እሑድ ስንገናኝ አጫውቱኝ። ጌታ ቢፈቅድ በሚቀጥለው ዕትም ስለ ፍግና ብስባሽ አዘገጃጀት እንጨዋወታለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።