አንድ መጠን፣ የተለያየ ጉበት፦ የአዘጋጁ ማስታወሻ

ይህ እትም በሐኪም ትእዛዝ ስለሚሰጡ የሕመም ማስታገሻዎች፣ በተለይም ስለ ኮዴይንና ትራማዶል የሚያወሳ ሲሆን፣ እንደ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና ድብታ ባሉት የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች ላይ ብዙ ሳይቆይ፣ አንድ ዓይነት መጠን የወሰዱ ሰዎች የተለያየ ውጤት የሚገጥማቸው ለምን እንደሆነ ይመረምራል። ኮዴይን በራሱ ደካማ መድኃኒት ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው የጉበት ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ሲሆን፣ ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ይበልጥ ብርቱ ወደሆነ ውህድ ይቀየራል። የኢንዛይሙ ዘረመል ተደጋግሞ በሚገኝባቸው ሰዎች ለውጡ ስለሚፈጥን፣ በታዘዘው መጠን እንኳ አተነፋፈሳቸው እስከ አደጋ ሊዳከም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ይህን ድግግሞሽ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ላይ አግኝቷል፤ ይህን ያህል ከፍ ያለ ቁጥር በመድኃኒት ማዘዣ ክፍሎች ብዙም አለመነሳቱ ያስገርማል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጡ የወሰነው፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንደማይመከሩ ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአልኮልና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር መቀላቀል የሚያስከትለው አደጋ በአጭሩ ተዳስሷል። ሰፋ ያለ ቦታ የተሰጠው ትራማዶል ለሚቀሰቅሰው የሚጥል መንቀጥቀጥ ነው፤ አደጋው ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የሚጨምር ሲሆን፣ የትንፋሽ መዳከምን የሚቀለብሰው ናሎክሶንም ይህን መንቀጥቀጥ አያስቆመውም።