የተሸራረፈ ኮታ ማንንም አያስመርቅም

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በሦስት ስም ይመዘገባል፤ የተረፈው ኮታ ለጎረቤት ይሰጣል። ቅር የሚለው ሰው እንዲያንስ ነው። ክፋት የለበትም፤ በወሎ ደጋ ያለውን ተካፍሎ መብላት የኖረ ነው። ሂሳቡ ግን አይሠራም። የሦስት ሰው እህል ለስድስት አፍ ሲከፈል፣ አባወራው ክረምት ሲገባ በጎቹን ገበያ ያወጣል፤ በጎቹን የሸጠ ደግሞ ለከርሞም ተረጂ ነው።

ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም የፕሮግራሙን የመጀመሪያ ዓመታት ሲገመግም፣ ለውጡ ጎልቶ የታየው ከሚገባቸው ክፍያ ቢያንስ ግማሹን ባገኙ ቤተሰቦች ላይ ነበር። ከዚያ በታች ያገኘው ቤት ተመዝግቧል እንጂ ተረድቷል ማለት ይከብዳል።

በወገል ጤና ዙሪያ ደግሞ ድሃውን መለየት ራሱ ፈተና ነው። በልግ ሲቀር የሁሉም ገብስ ይቀራል፤ ከገደሉ ኦፓል የሚያወጣ ልጅ ያለው ቤት ገቢ ግን በመሬት ደብተር ላይ አይታይም። ማሳው ስለጠበበ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ የሚይዘው ጥማድ በሬ የሌላትን እማወራ ቦታ ነው።

ኮታው ካልበቃ ከድሃው ጀምሮ ሙሉ ቤተሰብ እየመዘገቡ እስከሚያልቅ መሄድ ይሻላል። ስሙና የቤተሰቡ ቁጥር በቀበሌው ስብሰባ ይነበብ፤ የቀረውም ለምን እንደቀረ ፊት ለፊት ይነገረው፤ ካልተስማማ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ።