አረም መንቀልና ዱርን መልሶ ማልማት አንድ ሥራ ነው

እሳት በዱር በተነሣ ጊዜ ጭሱን ያየ ሰው ሁሉ ለማጥፋት ይሮጣል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደን የተነሣው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ መሬት ሲያቃጥል፤ ገበሬውም፤ ወታደሩም፤ ተማሪውም ወጥቶ ተዋግቶታል፤ ከውጭ አገርም ረዳት መጥቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጭስና ነበልባል የሌለው ሁለተኛ ጠላት ይመጣል፤ እርሱም አረም ነው። የተቃጠለ ወይም ተጨፍጭፎ የተራቈተ መሬት ጥላ ስለማይኖረው፤ ፈጥኖ የሚበቅልና ብዙ ዘር የሚያፈራ አረም ከነባሩ ቍጥቋጦ ቀድሞ ይይዘዋል።

ይህን ነገር የድሬዳዋ ሕዝብ በብርቱ ሊያስብበት ይገባል። በከተማው ታይዋን የሚባለው ገበያ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ዕቃ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሁሉ በገበያ ተመርጦ የሚገዛ አይደለም። ፓርቴኒየም የሚባለው ባለ ነጭ አበባ አረም መነሻው የአሜሪካ ምድር ሲሆን፤ በአገራችን በሐረማያ አካባቢ መታየቱ ተመዝግቧል፤ የገባውም ከውጭ ከመጣ የርዳታ እህል ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ሆነ ይታመናል። የሐረርጌ ገበሬ ፋራምሲሳ ብሎ ሰይሞታል፤ ትርጓሜውም መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደ ማለት ነው። አንዱ ተክል ብቻውን ከ10 ሺህ የሚበልጥ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ የሰውን ቆዳ ያሳክካል፤ ላም የበላችው እንደ ሆነ የወተቷን ጣዕም ያበላሻል።

ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ ደግሞ ምድረ በዳን ያለማል ተብሎ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ዛሬ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት ይዟል፤ በድሬዳዋ ቆላም ይገኛል። ፍየልና ከብት ፍሬውን በልተው ዘሩን ከፋንድያቸው ጋራ በየሄዱበት ይዘሩታል። አንዳንድ ሰው ይህን ዛፍ በእሳት አጠፋዋለሁ ይላል፤ ነገር ግን እሳቱ ነባሩን ሣርና ችግኝ ይፈጅና ፕሮሶፒሱ ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ እሳት አረሙን ይረዳዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው ብሎ የከተማው ነጋዴ ቸል ማለት አይችልም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 የሚበልጥ ሰው እንደ ገደለ፤ ቤትንና ንብረትንም እንደ ጠረገ የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም። ያ ውሃ የወረደው በስተደቡብ ካሉት ተራሮች ነው። ተራራው ሣርና ቍጥቋጦ ሲለብስ ዝናቡን እያዘገየ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ሲራቈት ግን አፈሩንም ውሃውንም ባንድነት ወደ ከተማው ይልካል። ዓመታዊው አረም ክረምት ለምልሞ ቢያረንጓድደውም፤ በበጋ ደርቆ መሬቱን ራቁቱን ይተወዋል። እንግዲህ የተራራው ልብስ ለታይዋንም፤ ለከፊራም፤ ለቀዚራም፤ ለመጋላም ጥበቃ ነው።

ካህናት ሲያስተምሩ፤ ተጠርጎ ባዶ የተተወ ቤት ለቀድሞው ክፉ እንግዳ መመለሻ እንደሚሆን ከወንጌል ያስረዳሉ፤ የመሬትም ነገር እንዲሁ ነው። በጣና ሐይቅ እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ከታወቀ ወዲህ ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ ሆኖም ከእርሻው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ወደ ሐይቁ መግባቱን ስላልተወ አረሙ ተመልሶ መጥቷል። የሕዝቡ ድካም ማነስ ሳይሆን የሥራው መጐደል ነው።

ስለዚህ ሥራው በሥርዓት ይሁን። ፋራምሲሳ አበባ ሳያወጣ፤ እጅን በጓንት ሸፍኖ ከነሥሩ ይነቀል። ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ መቈረጡ ስለማይበቃ ሥሩ ተቈፍሮ ከአፈር በታች ይቈረጥ። የጸዳው ቦታ ወዲያው ይታጠር፤ ከብትም አይግባበት። ክረምት ሲገባ አገሩ የሚያውቃቸው ግራር፤ ቁርቁራና ሁመር፤ በደጋውም ወይራና ጥድ ይተከሉ፤ ሣርም ይዘራ። በአፈር ውስጥ የቀረው ዘር ለብዙ ዓመት ስለሚቆይ በየክረምቱ ተመልሶ ማረም ያስፈልጋል። ለዚህም እድሩ፤ አፎቻውና የገጠሩ ጉዛ የተዘጋጁ ማኅበሮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱም የታወቀ ቦታ ቢሰጠው የኔ ነው ብሎ ይጠብቀዋል።

ካህናት በዚህ ረገድ ሊያስተምሩ የሚችሉት በቃል ብቻ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው እርሻ ሆኖ ሳለ ነባሩ ዛፍ የቀረው ብዙውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን ደን መርምረው፤ ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ ዙሪያውን እንዲያጥሩ ረድተዋል፤ ከብት ባልገባበትም ስፍራ ችግኝ በራሱ መብቀል ጀምሯል። የድሬዳዋ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም ቅጥራቸውን የነባር ዘር ጎተራ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሹማምንትም በበኩላቸው ማሰብ ያለባቸው አንድ ነገር አለ። በተከላ ቀን የተቈጠረ ችግኝ ለሪፖርት ያምራል፤ ለተራራው የሚጠቅመው ግን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ገንዘቡም፤ ጠባቂውም፤ ቈጠራውም ለአንድ ቀን ዘመቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመት ይመደብ። በተራራው ላይ ዛሬ የተተወ ባዶ መሬት ነገ የሚጠይቀው በደቻቱ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ነውና።