ፈራሚው እኔ ነኝ

ይሄን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን ሰሞኑን አንዲት እናት ነቀምቴ ላይ ወረቀት ይዛ "መምህር፣ ይህን አንብብልኝና ልፈርም" ስትለኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት አውቀዋለሁ። አንዱን እኔው ራሴ ፈርሜዋለሁ።

ሰኔ 2014 ላይ ታናሽ ወንድሜን፣ ሞተር ላይ ከኋላ ተቀምጦ ሲሄድ፣ አይሱዙ ገጨው። ሄልሜት አላደረገም። 22 ዓመቱ ነበር፣ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ሲሬን፣ ባኮን፣ አምቦን እያለፍን፣ እናቴ ጭንቅላቱን በጭኗ ደግፋ እየጸለየች ነጋልን።

ወጪውን ልዘርዝርላችሁ፣ ደረሰኙ ዛሬም አለኝ። ለአምቡላንስ ነዳጅና አበል 6,500። ሦስት ጊዜ ለተነሳ ሲቲ ስካን 9,000። ከውጭ ግዙ ለተባልነው መድኃኒትና ዕቃ 38,000። ለ41 ቀን የሁለት አስታማሚ ማረፊያና ምግብ 32,500። ድምሩ 86,000 ብር። ከመምህራን ቁጠባና ብድር ተበደርኩ፣ የአባቴ በሬዎች ተሸጡ። የጤና መድን መታወቂያ አለን፣ ግን መታወቂያው የአልጋ ቤት አይከፍልም።

በዚህ መሃል ሽማግሌ መጣ። የመኪናው ባለቤት ልኳቸው ነው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። "ልጁ ተርፏል፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሹፌሩም የልጆች አባት ነው፣ ይቅር በሉ" አሉ። 45,000 ብር በእጃችን ሰጡን። ወረቀቱ ላይ "ከእንግዲህ በምንም መልኩ ክስም ሆነ ጥያቄ የለንም" ይላል። ቤተሰቡ ወደኔ ዞረ፤ የተማረው እኔ ነኛ! አነበብኩት። ፈረምኩት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው።

በሰባተኛው ወር ወንድሜ ገበያ መሃል ወድቆ አረፋ ደፈቀ። ሐኪሙ የጭንቅላት ጉዳት ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል ነገረን። ከዚያ መርሳቱ መጣ፣ ከዚያ ቁጣው። ያ ሞተር በጆሮው ሰምቶ ብልሽቱን የሚያውቅ ልጅ ዛሬ መፍቻ የት እንዳስቀመጠ አያውቅም። ጎረቤት ግን "ደህና ነው እኮ፣ ይበላል፣ ይሄዳል" ይላል። እግር ቢቆረጥ ሁሉም ያየዋል፤ የተሰበረው አእምሮ ሲሆን ሰው "ባህሪው ተበላሸ" ነው የሚለው።

አሁን ሒሳቡን ጨምሩበት። መድኃኒቱ በወር 1,400፣ በ36 ወር 50,400። የቀረበት ደመወዝ በወር 4,000፣ በ36 ወር 144,000። ከመጀመሪያው 86,000 ጋር 280,400 ብር። እሱን ለመጠበቅ ቡና ሽያጯን የተወችውን እናቴን አልቆጠርኩም። የኔ ፊርማ ያስገኘው 45,000 ነው።

ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። በትህትና ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3312 መሠረት እንዲህ ያለ የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ይቅረብ ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ የሚራዘምበት መንገድ አለ፤ እኛን ግን እርቁ ቀድሞ በሩን ዘግቶብናል።

ያንገበገበኝ ሕጉ ለኛ የነበረው መሆኑ ነው። አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ወደፊት የሚደርሰውም ጉዳት፣ በእርግጥ የሚመጣ ከሆነ፣ ይታሰባል። እኔ ግን ስንት እንደሚጎዳ ገና ያልታወቀን አእምሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዋጋ ቆርጬ ሸጥኩት።

ሕጉም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። ወንድሜ ሲገጭ ይሠራበት የነበረው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለአካል ጉዳት ጣሪያው 40,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር። ለንብረት ግን እስከ 100,000! የተጋጨ መኪና ከተሰበረ ጭንቅላት ይበልጥ ነበር ማለት ነው። በኋላ ጣሪያው ከፍ መደረጉ ደግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ ግን 1,000 ብር ነው። ዛሬ በ1,000 ብር ሁለት ሰው ጥሩ ምሳ አይበላበትም፤ የእናቴ እንባ ዋጋ ግን እሱ ነው።

"መምህር ሽምግልናን ሊያጣላ ነው" የምትሉኝ አላችሁ። አይደለም! የአባቶቻችን ጉማ እኮ ያለ ካሳ እርቅ አያውቅም። ይቅርታ የልብ ነው፣ ካሳ ደግሞ የተጎጂው ሕይወት ነው። ሹፌሩን ይቅር ብያለሁ፣ ሳገኘውም ሰላም እለዋለሁ። ግን ካሳ የሚጠየቀው የመኪናው ባለቤትና መድን ድርጅቱ እንጂ የሹፌሩ ልጆች አይደሉም። "ድሃ ነው፣ ይቅር በሉ" እያለ የባለ መኪናውን ኪስ የሚጠብቅ ሽምግልና ሽምግልና አይባልም። ሽማግሌዎቻችን፣ እባካችሁ፣ ከመጨባበጡ በፊት "ሐኪሙ ምን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለዚያች እናት የነገርኳትን ለናንተም ልንገር፦

1. በመጀመሪያው ወር ምንም አትፈርሙ። ለሕክምና ብር ቢሰጧችሁ "ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ" ተብሎ ይጻፍ፤ "ጥያቄ የለንም" የሚል ቃል አይግባበት።
2. የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የመድን ድርጅቱን ስም ያዙ። ማንኛውም የጤና ተቋም ድንገተኛ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት።
3. ገጭቶ ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው፣ የመድን ፈንድ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ጠይቁ።
4. ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ! የአልጋ ቤትም ቢሆን።
5. የሐኪሞች ቦርድ ዘላቂ ጉዳቱን በፐርሰንት ይጻፍላችሁ።
6. የመድኑ ጣሪያ የባለቤቱ ዕዳ ጣሪያ አይደለም። ትርፉን ከባለቤቱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል።
7. ለዳኝነት የሚከፈል ከሌላችሁ በድሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።
8. ሁለት ዓመት! ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ ነርስ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ጠበቃ የሆናችሁ አላችሁ። ጊምቢም ደምቢ ዶሎም ሻምቡም ያላችሁ፣ አንድ ቤተሰብ ወረቀት ይዞ ሲመጣ "ቆይ፣ አትፈርሙ" በሉልኝ። ሞተር የምትነዱ ደግሞ ለኋላ ተሳፋሪውም ሄልሜት ያዙ።

ወንድሜ ይሄን ሲጻፍ አጠገቤ ተቀምጧል። "ስለኔ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ጻፈው" አለኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ፦ "ስለኔ ነው?"

እናቲቱ ወረቀቱን ሳትፈርም ይዛው ተመልሳለች። ሼር አድርጉት።