የበረዶ ሣጥን ከዋጋው አያያዙ



ይህች አነስተኛ አስተያየቴ በአንባቢያን አምድ ላይ ወጥታ ለሌሎች ቤተሰቦች መማሪያ ትሆን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በእኔ ቤት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ልናጣ ጥቂት ቀርቶን ስለ ነበረ ፣ ትንሽ ነው ብዬ ዝም እንድል ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

የአዲስ አበባ ሰው የዕረፍት ቀን ሲያገኝ ድንኳኑን ጭኖ ወደ ላንጋኖ ፣ ወደ አዋሽ ፣ ወደ ወንጪ መውጣት እየለመደ መጥቷል። ይህም የሚመሰገን ልማድ ነው። ልጆች አገራቸውን ያያሉ ፤ አባትም ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የሚጫወትበት ጊዜ ያገኛል። ከዚሁ ጋር በተለምዶ «አይስ ቦክስ» የሚባለው የበረዶ ሣጥን በየሱቁ ይታያል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው ፤ ይኸውም «ስንት ቀን ያቆያል ?» የሚል ነው። ሻጩም «አራት ቀን ፣ አምስት ቀን» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ጥያቄውም መልሱም የተሳሳተ ነው እላለሁ። ምግብን ከመበላሸት የሚያድነው የሣጥኑ ውድነት ሳይሆን የባለቤቱ አያያዝ ነው። ይህንንም የምለው ተቀጥቼበት ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ወደ ላንጋኖ ለመሄድ ተነሣን። እኔ የበረዶ ሣጥን ስላልነበረኝ ከባለቤቴ ወንድም ተዋስሁ። ሣጥኑ ከውጭ አገር የመጣ ፣ ወፍራምና የሚያምር ፣ ዋጋውም ከእኔ የወር ደመወዝ የሚበልጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሣጥን ይዤ ምን ያሠጋኛል ብዬ ልቤን ሞልቼ ሄድሁ። ቅዳሜ በማለዳ ገና ሙቀቱ ያልወጣለት 3 ኪሎ ሥጋ ገዝቼ በፌስታል እንዳለ ከሣጥኑ ጨመርሁት። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ያነሣኋቸውን 12 የግማሽ ሊትር ለስላሳ መጠጦች ደረብሁበት። በላዩም 2 ኪሎ የተሰባበረ በረዶ በትኜ ክዳኑን ዘጋሁ። ሣጥኑንም ከመኪናው ኋላ ከዕቃ ጋር ጫንሁት። በመንገድ ላይ ልጆቹ መጠጥ በጠየቁ ቁጥር ስንከፍት ስንዘጋ ፣ ዝዋይን ሳናልፍ በረዶው ውሃ ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ከሥጋው ጠብሰን በላን ፤ ምንም አልሆንንም። የተረፈውን እሑድ ለምሳ ባለቤቴ ስታወጣው ሽታው ስላላማራት ይጣል አለች። እኔ ግን «በደንብ ከተጠበሰ ምን ይሆናል ፤ እሳት የማይገድለው የለም» ብዬ ከለከልሁ። በዚያው ምሽት ትንሿ ልጃችን ማስመለስና ማስቀመጥ ጀመራት። ሌሊት ዐይኗ ሲሰረጉድና ከንፈሯ ሲደርቅ ባየን ጊዜ ድንኳኑን እንዳለ ትተን በጨለማ እየነዳን ከመንገድ ዳር ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ደረስን። ጉሉኮስ ተሰክቶላት ስታድር እኔ ከአልጋዋ አጠገብ ቆሜ የባለቤቴን ፊት ለማየት አፈርሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ፣ ሊነጋ ሲል ዐይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች።

ሲነጋ በጤና ጣቢያው ግቢ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ለክትባት ይዘው ተሰልፈው ነበር። አንዲት ነርስ በትከሻዋ የምታነግታትን ትንሽ የክትባት መያዣ ሣጥን ስትከፍት አየኋት። «እኅቴ ፣ ይህች ትንሽ ሣጥን ቀኑን ሙሉ ስታቀዘቅዝ ያ ትልቁ ሣጥን እኔን ለምን አዋረደኝ ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም ሣቅ ብላ ፣ ሣጥን የሚባል ነገር ከቶ እንደማያቀዝቅዝ ፣ ሥራውም ከውጭ የሚገባውን ሙቀት ማዘግየት ብቻ እንደ ሆነ አስረዳችኝ። ክትባቱ ከሣጥኑ የሚገባው አስቀድሞ ቀዝቅዞ ነው። በዙሪያውም ከቤት የረጉ የበረዶ ጥቅሎች ይደረደራሉ። ሣጥኑ ያለ ጉዳይ አይከፈትም ፤ ውስጡም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑ በመለኪያ ይታያል። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ሠራተኞች ፍሪጅና መብራት በሌለበት ቆላ ሳይቀር ክትባት የሚያደርሱት እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው። እኔ ደግሞ በአስፋልት ላይ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ ሥጋ አበላሸሁ።

ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን በሒሳብ ብመረምረው ጥፋቴ ፊት ለፊት ታየኝ። 1 ኪሎ በረዶ ቀልጦ ውሃ እስኪሆን ድረስ የሚውጠው ሙቀት ፣ ያንኑ 1 ኪሎ ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ነው። ስለዚህ በረዶ ትልቅ ኀይል አለው። ነገር ግን 6 ሊትር መጠጥ ከ25 ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ 1 ኪሎ ተኩል በረዶ ይቀልጣል። ትኩሱ ሥጋም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እንግዲህ የእኔ 2 ኪሎ በረዶ መጠጥና ሥጋ ለማቀዝቀዝ እንኳ አልበቃም ማለት ነው ፤ ለሁለት ቀን ማቆያ የተረፈ አልነበረም። ሣጥኑ ከወርቅ ቢሠራም ይህን ሊለውጥ አይችልም።

«እሳት የማይገድለው የለም» ማለቴም ትልቅ ስሕተት ነበር። ምግብ የሚያበላሹት ተሕዋስያን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባሉ። ሲመቻቸው አንዳንዶቹ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። ተሕዋስያኑ በእሳት ቢሞቱም እንኳ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በምግቡ ላይ የተዉት መርዝ በመጥበስ አይጠፋም። ስለዚህ ሽታው ያላማረን ሥጋ መጣል ብክነት አይደለም።

እንግዲህ አቅሙ መካከለኛ የሆነ ሰው ሣጥን ሲገዛ ምን ይመልከት ? በመጀመሪያ መጠኑን ይወስን። ለአምስት ሰው ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ፣ 30 ሊትር ያህል የሚይዝ ይበቃል። ትልቅ ሣጥን ገዝቶ ግማሹን ባዶ መተው በረዶ ማባከን ነው። ሁለተኛ ክዳኑን ይመርምር። ብዙ ርካሽ ሣጥኖች ግድግዳቸው ፎም ሲኖረው ክዳናቸው ውስጡ ባዶ ነው ፤ በጣት ቢመቱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። ሦስተኛ ብጣሽ ወረቀት በክዳኑ አፍ ላይ አድርጎ ይዝጋና ይሳበው። ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ሙቀትም እንዲሁ ያለ ትግል ይገባል። የውሃ ማስወጫው ቀዳዳ በደንብ መዘጋቱን ፣ እጀታው ክብደት መቻሉን ማየትም አይከፋም። ከመኪና መብራት የሚሠራውን ዐይነት የሚመርጡ አሉ ፤ ነገር ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሲሰካ ባትሪ ይጨርሳልና በበረሃ መካከል ከመቆም ይጠንቀቁ።

የመጨረሻው ምርጫ ነጩ የፎም ሣጥን ነው። ዋጋው እጅግ ቀላል ሲሆን ፣ በወፍራም ካርቶን ውስጥ ሲገባ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። መድኃኒት ወይም ኬሚካል ተይዞበት የነበረውን ግን ለምግብ አለመጠቀም ነው። ሲሰበርም ፍርፋሪው ከሐይቅ ዳር እንዳይቀር ጠርጎ መመለስ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

አያያዙን በሚመለከት እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። በዋዜማው ስድስት ባለ አንድ ሊትር ተኩል የሃይላንድ ጠርሙሶች ውሃ ሞልቼ ከፍሪዘር አስገባለሁ። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ከአፋቸው ጎደል አደርጋቸዋለሁ። ትልቅ በረዶ ከተሰባበረው ይልቅ ዘግይቶ ይቀልጣል ፤ ሲቀልጥም የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ይሆናል እንጂ ምግብ አያርስም። ሥጋውን ቀደም ብዬ ገዝቼ ፣ ውሃ በማያስገባ ዕቃ ከድኜ አረጋዋለሁ ፤ ከሣጥኑም ሥር አስቀምጠዋለሁ። ጥሬ ሥጋ ከላይ ከሆነ ደሙ በሌላው ምግብ ላይ ይንጠባጠባልና። ቅዝቃዜ ወደ ታች ስለሚወርድ ከጠርሙሶቹ የሚበዙትን ከላይ እደረድራለሁ። ባዶ ቦታ ከቀረ በፎጣ እሞላዋለሁ። ልጆች በየደቂቃው የሚከፍቱትን መጠጥ ለብቻው በሌላ ዕቃ እይዛለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሣጥኑን በጥላ ሥር አኑሬ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ጊዜ ስታየኝ «በረዶው በርዶት ነው ?» ብላ ሣቀችብኝ። ጋቢ ግን በራሱ ሙቀት አይሰጥም ፤ ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል እንጂ። ለሰው የሰውነቱን ሙቀት እንደሚጠብቅለት ሁሉ ለበረዶም ቅዝቃዜውን ይጠብቅለታል።

ዘንድሮ በዚህ ሁኔታ ወደዚያው ወደ ላንጋኖ ተመለስን። የያዝነው የፎም ሣጥን ነበር። ቅዳሜ ጧት የተዘጋው ሣጥን እሑድ ማታ ሲከፈት በጠርሙሶቹ ውስጥ ገና ያልቀለጠ በረዶ ነበረ። በውዱ ሣጥን የተበላሸ ምግብ በርካሹ ዳነ።

አንዳንድ ሰዎች «አባቶቻችን ያለ ሣጥን ዘምተው የለምን ?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው ፤ ነገር ግን አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ በፌስታል ቋጥረው አልዘመቱም። ስንቃቸው በሶ ፣ ቋንጣ ፣ ጭኮ ፣ ድርቆሽ ነበር። ይህ ጥበብ ዛሬም ይሠራል። እኔ አሁን ከምግባችን የሚበዛውን ሽሮና ዳቦ ቆሎ ከመሳሰሉት ፣ በረዶ ከማይሹት አደርጋለሁ። ሣጥኑ ለወተት ፣ ለጥቂት ሥጋና ለመድኃኒት ብቻ ሲሆን ትንሽ ሣጥንም ይበቃል። እንደ ኢንሱሊን ያለ መድኃኒት የሚይዝ ሰው ግን በረዶ እንዳይነካው በጨርቅ ይለየው ፤ የረጋ ኢንሱሊን ሥራ ላይ አይውልምና።

በመጨረሻም ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ሻጮች «አምስት ቀን ያቆያል» ከማለት ይልቅ በስንት ኪሎ በረዶ ፣ በምን ዐይነት ሙቀት ፣ ሣጥኑ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደ ሆነ ቢነግሩን መልካም ነው። እኛም ድንኳንና ድስት በጋራ ገዝተን በየእድራችን እንደምንገለገል ሁሉ ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለምንፈልገው ሣጥን እያንዳንዳችን ደመወዛችንን ከምናፈስስ በጋራ ገዝተን ብንዋዋስ ምን ይከፋል ?

ልጄ ዛሬ ደኅና ናት። ለጉዞ ስንነሣ ጋቢውን ይዛ የምትመጣው እርስዋ ናት። እኔም ያን ሌሊት ባስታወስሁ ቁጥር ፣ በእኔ ዕውቀት ማነስ የደረሰው በሌላ አባት ቤት እንዳይደርስ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢ ፣ ከአዲስ አበባ