ሪሞቱ ማን እጅ ነው?

ዓለም ባንክም ሁኑ አየር ጤና፣ ከፎቅ ላይ ሆናችሁ ጣራ ጣራውን ስታዩ ዲሾቹ ወደ ሁለት አቅጣጫ ዞረው ታገኟቸዋላችሁ። ወደ ምዕራብ የዞሩት የናይልሳት ናቸው፣ ወደ ምሥራቅ የዞሩት የኢትዮሳት። በ2012 ብዙዎቹ የሀገር ውስጥ ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ሰፈሩ ሁሉ ዲሽ ሠሪ ፍለጋ ላይ ነበር። ሁለቱንም ልይ ያለ ሁለት ዲሽ ተከለ። ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶ ታዲያ፣ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ቲቪ የሚያየው ማነው?

ልጅ እያለን ምርጫ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። በ1957 የተጀመረው ኢቲቪ ለአሥርተ ዓመታት ብቻውን የቆየ ጣቢያ ነው። የእኛ ዕድሜ ልጆች «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን እያየን ነው ያደግነው፤ ያቺን ቀጭኔ አሻንጉሊት የማያውቅ የለም። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ዜና ነው፣ ዝም በሉ እንባላለን። «ሰው ለሰው» በታየ ማግስት ደግሞ ታክሲ ውስጥም ክፍል ውስጥም ወሬው እሱ ብቻ ነበር። ቲቪ የሌለው ጎረቤት ሄዶ ያያል።

ያ ጊዜ ገነት ነበር የሚሉ አሉ፣ እኔ አልልም። ዜናው የመንግሥት ብቻ፣ ሪሞቱ የአባት ብቻ ነበር እኮ!

በ2008 ቃና ሲመጣ ሪሞቱ ወደ እናቶች ዞረ። የቱርክ ተዋናዮች በአማርኛ ሲያወሩ አርቲስቶቻችን «የሀገር ውስጥ ሥራ ሊሞት ነው» ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፣ ግን ያኔም ቢሆን ቤተሰቡ የሚያየው አንድ ስክሪን ነበር።

ያንን የበተነው ስልክ ነው። «ሰይፉ በኢቢኤስ»ን እንኳ በሰዓቱ የሚጠብቅ ወጣት ስንት አለ? ዩቲዩብ ላይ ተቆራርጦ ይደርሰናል። መብራት ሲጠፋ ቲቪው ይጠፋል፣ ስልኩ ይቀጥላል። ዲሽ አንዴ ከተተከለ ግን ነፃ ነው፤ እኛ በየቀኑ ፓኬጅ እንገዛለን።

በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሁላችንም ሳሎን ተመለስን። የካቲት 2015 ላይ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲገደቡ ግን በእኛ ሰፈር ማንም ወደ ቲቪ ሲመለስ አላየሁም። ሁሉም ቪፒኤን ጫነ። ስለዚህ የ2012ቱ መመለስ ግድ ሆኖብን እንጂ ቲቪ ናፍቆን አልነበረም።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። አንድ ነገር ሲፈጠር አባት የ2 ሰዓቱን ዜና ይሰማል፣ ልጅ የቲክቶክ ላይቭ ያያል። ራት ላይ ሲገናኙ ስለ ሁለት የተለያየ ሀገር የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ድሮ የምንከራከረው ሁላችንም በሰማነው ዜና ላይ ነበር፣ ያውም ባናምነው። ዛሬ ክርክሩ «ይሄንን ከየት አመጣኸው?» ላይ ይቆማል። የልጁን ስልክ የሚመርጥለት አልጎሪዝም ደግሞ ብዙ ያስቆየውን እንጂ እውነት የሆነውን አይለይም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የትንንሾቹ ነገር ነው። እናት ወጥ እስክትሠራ ስልክ የሚሰጠው የ3 ዓመት ሕፃን ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይጠራል፣ «ቢጫ» ስትሉት ግን ዝም ብሎ ያያችኋል። የእኛን ጸሐይ የምታህል በአማርኛ የምታወራው ገጸ ባሕርይ ለእሱ ማናት? ዩቲዩብ ላይ ቢፈለግ አይጠፋም፣ ግን ፈልጎ የሚከፍትለት አዋቂ ራሱ ሌላ ስልክ ላይ አፍጥጧል።