ተመርጦ መግባትና ተምሮ መውጣት

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው የአቃቂ ቃሊቲ አገር በሥራ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ የመለዋወጫ ዕቃው ማምረቻ፣ የብረታ ብረቱ ሥራ ሁሉ በዚያ ሜዳ ተተከለ። የከተማው ሕዝብ ከሚጠጣውም ውሃ ከፊሉ የሚገኘው ከአቃቂ ጕድጓዶች ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቁሞ በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ በኩል ተሠራ። የዕውቀት ቤት በፋብሪካ ሰፈር መቆሙ የሚያስመሰግን አሳብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ራሱን የኢንዱስትሪ አገልጋይ ብሎ ሰይሟል።

ወደዚህ ቤት መግባት እንደ ብዙዎቹ በምደባ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እርሱና ባልንጀራው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና አዘጋጅተው ከተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች መካከል መርጠው ይቀበላሉ። ከዚያ በፊት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና አለ። ይህ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ወንፊቱ ምን ያህል እንደ ጠበበ የማያውቅ የለም፤ በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶው 3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ የ2015ቱም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። እንግዲህ በቂሊንጦ በር የሚገባ ልጅ በሁለት ወንፊት የተነፋ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጁ ፈተናውን ያለፈ ዕለት ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌው ይመርቃል፤ ጎረቤቱም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ኢንጂነር» እያለ ይጠራዋል። መመረጡ እንደ መማር ተቈጥሮ፣ አምስቱ የምህንድስና ዓመታት ሳይጀመሩ ደስታው አስቀድሞ ይፈጸማል። ለተመረጠ ተማሪ ዋናው ፈተና ግን ከገባ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ መሆን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ልጅ ፊደል ከቈጠረበት ቀን አንሥቶ በክፍሉ አንደኛ ነበር። መምህራኑ በእርሱ ይመካሉ፤ ጓደኞቹ ከእርሱ ይገለብጣሉ፤ እርሱ ማንንም ጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠየቀው እርሱ ነውና። አሁን በገባበት አዳራሽ ውስጥ ግን በቀኙም በግራውም የተቀመጠው ሁሉ በየትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረ ነው። ከአንደኞች መካከል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ እንጂ ሁሉ አንደኛ ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያው የአጋማሽ ፈተና ውጤቱን ሲያይ ከመካከል፣ አንዳንዴም ከታች ራሱን ያገኛል። ያን ጊዜ ኀፍረት ይይዘዋል። ያልገባውን ገባኝ ይላል፤ ወደ መምህሩ ቢሮ መሄድን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል፤ ከጓደኞቹ ጋራ ማጥናቱን ትቶ ብቻውን ይሸሸጋል። ለአባቱ በስልክ «ደኅና ነው» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ ያልገባው ልጅ በሁለተኛው መንፈቅ የሚመጣውን ሊከተል አይችልም፤ የፊዚክሱም የምህንድስናውም ትምህርት በዚያው ላይ ተደርቦ የሚሠራ ነውና። በዚህ ዓይነት የሚወድቀው ከሰነፎቹ ይልቅ ጎበዝ የተባለው ነው።

ይህን ነገር የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በዋድላ ቤት ቅኔ ተምሮ እስከ መወድስ የደረሰ ደቀ መዝሙር ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ ሲሻገር፣ የአዲሱን መምህር ስልት ለመያዝ እንደ ጀማሪ ከጉባኤው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ባገሩ ሊቅ ተብሎ እንደ ነበረ ለማንም አይናገርም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ እንደ ማንኛውም ተማሪ እህል ይለምናል። የቈጠረውን ቅኔ በጉባኤው ፊት ሲያቀርብ መምህሩ ያርመዋል፤ አንዳንዴም ከሥሩ ያፈርስበታል፤ ተማሪውም ሌሊቱን ሌላ ቈጥሮ በማግሥቱ ይመለሳል። እርማት በአደባባይ የሚሰጥ ስለ ሆነ አንዱ ሲታረም ሁሉ ይማራል፤ የሚያፍርም የለም። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ በማስተማሩም የራሱ ዕውቀት ይጸናል።

የአቃቂው ተማሪ ይህን ልማድ ወደ ላቦራቶሪው ይዞት ቢገባ ብዙ ይጠቀማል። መምህሩን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ያልገባውን ጽፎ ይጠይቀው። አራት ወይም አምስት ሆነው ያጥኑ፤ አንዱ በሰሌዳ ቆሞ ያስረዳ፤ ሌሎቹ ያርሙት። (ቀመርን በቃል ይዞ ፈተና ማለፍ እስከ 12ኛ ክፍል ያደርስ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን ንባቡን ይዞ ትርጓሜውን እንዳልተማረ ሰው ያስቀራል።) ይልቁንም ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣው፣ የላቦራቶሪ ዕቃን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያየው ልጅ፣ ከከተማው ልጅ በእጅ ልምድ ቢያንስ ይህ የአእምሮ ማነስ እንዳልሆነ መምህራኑ በመጀመሪያው ሳምንት ሊነግሩት ይገባል።

በሌላውም አገር የተመረጠ ተማሪን የሚያሳድጉት በዚሁ መንገድ ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ያለው የስዋርትሞር ኮሌጅ፣ በኦክስፎርድ የተማረው ፍራንክ አይደሎት በሚመራው ጊዜ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1922 ለብርቱዎቹ ተማሪዎች ልዩ የማዕረግ ትምህርት አቋቋመ። ተማሪዎቹ ጥቂት ጥቂት ሆነው ከመምህሩ ጋራ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ በመጨረሻም የሚፈትኗቸው ከሌላ ቤት የተጠሩ ሊቃውንት ናቸው። ያስተማረው ራሱ የማይፈትን ከሆነ መምህርና ተማሪ በአንድ ወገን ይቆማሉ። በአገራችንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለ ታዘዘ፣ ይህ ጥቅም በከፊል ሊገኝ ይችላል፤ መምህራን ፈተናውን እንደ ክስ ካላዩት ነው።

የቀረው የሹማምንት ጕዳይ ነው። ለመግቢያው ፈተና የሚመዘገበው በኮምፒዩተር መረብ ነው፤ ምዝገባውም ለተወሰነ ቀን ብቻ የሚከፈት ነው። በአዲስ አበባ ላለ ልጅ ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። መብራት በሚጠፋበትና መረብ በማይደርስበት ወረዳ ላለው ግን በሩ ሳይንኳኳ የሚዘጋ በር ነው። በአገር አቀፉ ፈተና ጥሩ ነጥብ አግኝቶ፣ ምዝገባ መኖሩን ሳይሰማ ቀኑ የሚያልፍበት ልጅ አልተመረጠም አይባልም፤ አልተጠየቀም እንጂ። ልጁን ለማስገባት ደብዳቤ ለማጻፍ ወደ ባለሥልጣን ደጅ የሚመላለስ ወላጅ በየቢሮው ይታያል፤ የገጠሩን ልጅ ለማስመዝገብ የሚመላለስ ሹም ግን ብዙ አይታይም። እያንዳንዱ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምዝገባውን ቀን በየትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ቢለጥፍ፣ በቤተ ክርስቲያንና በገበያም ቢያስነግር፣ በእነዚያም ቀኖች አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ጸሐፊ ለተማሪዎቹ ቢመድብ ወጪው ጥቂት ነው። ይህም ከሚቀጥለው የፈተና ውጤት ዕለት በፊት ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።